ስለ ዋሽንትና ስለ እምቢልታ

በጊዳ አያና በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የኢዮቤልዩ በዓል ለተሰበሰቡ ካህናትና ምእመናን የተነገረ ቃል



ዛሬ የሚከበረው በዓል ስሙ ኢዮቤልዩ ይባላል። ቃሉ ከዕብራይስጥ የተወረሰ ሲሆን የመጀመሪያ ትርጓሜው የአውራ በግ ቀንድ ማለት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደሚነበበው፥ እስራኤል ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ቈጥረው በ50ኛው ዓመት በምድራቸው ሁሉ ቀንደ መለከት እንዲያስነፉ ታዘዙ። በዚያም ዓመት ለባርነት የተሸጠው ሰው ወደ ወገኑ፥ የተሸጠውም ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለስ ዘንድ ሥርዓት ሆነ። እንግዲህ ኢዮቤልዩ ስሙን ያገኘው ከሚነፋው ቀንድ ነው፤ ነገሩም የመመለስ ነገር ነው።

ስለዚህ በዚህ ቀን ስለ ትንፋሽ መሣሪያዎች መናገር ከበዓሉ ጋራ የማይስማማ አይደለም። ዋሽንት፥ እምቢልታና መለከት አባቶች ያወረሱት ገንዘብ ናቸው። ከእነርሱም አንዳንዱ ገና በእረኛ አፍ ሕያው ነው፤ አንዳንዱን ግን ጎብኚ በመስታወት ውስጥ ይመለከተዋል እንጂ የሚነፋው ሰው እያነሰ ሄዷል። ሆኖም በዚህ ዘመን፥ በአገር ውስጥም በውጭ አገርም፥ ሙዚቃ እንጀራቸው ያልሆነ ሰዎች፥ ማለት ተማሪዎች፥ አስተማሪዎች፥ ገበሬዎችና ነጋዴዎች፥ እየተሰበሰቡ የቀድሞውን የትንፋሽ መሣሪያ እንደገና ሲያነሡ ይታያሉ። ይህ ሥራ ምን እንደሚጠቅምና ስለ ምን መፍጠን እንደሚገባው ማስረዳት የዚህ ቃል አሳብ ነው።

በመጀመሪያ ከሁሉ የሚታወቀውን ዋሽንትን መመልከት ይገባል። ዋሽንት ከሸምበቆ ወይም ከቀርከሃ ይሠራል። ሠሪው ደረቅና ቀጥ ያለውን መርጦ ይቈርጣል፤ ውስጡን ይጠርጋል፤ አብዛኛውን ጊዜም አራት ቀዳዳ በጋለ ብረት ይበሳበታል። የቀዳዳውን ርቀት የሚለካው በጣቱ ነው፤ ልኩንም ያገኘው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአባቱ ወይም ከታላቅ ወንድሙ እጅ ነው። የዋሽንት ሁለቱም ጫፍ ክፍት ስለ ሆነ ነፊው ጥቂት አዘንብሎ፥ ከከንፈሩ አስጠግቶ በጠርዙ ላይ ይነፋል። ትንፋሹን ጠበቅ ሲያደርገው ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል፤ ለዘብ ሲያደርገው ይወርዳል።

አራት ቀዳዳ ለማያውቅ ሰው ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን አራቱ ሁሉ ሲደፈኑ አንድ ድምፅ፥ ተራ በተራ ሲከፈቱ ደግሞ አራት ድምፅ ስለሚገኝ በጠቅላላው አምስት ይሆናል። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ስላላቸው ይህ ይበቃል። ሆኖም አንድ ዋሽንት ለሁሉ አይሆንም። ቀዳዳው እንደ ቅኝቱ፥ ርዝመቱም እንደ ዘፋኙ ድምፅ ከፍታ ስለሚለያይ፥ አዋቂ የሆነ ነፊ ብዙ ዋሽንት በአንድነት አስሮ ይይዛል። ዜማው ሲለወጥ አንዱን አስቀምጦ ሌላውን ያነሣል።

በወለጋ ምድር ይህ መሣሪያ ከአንድ መንገድ ብቻ የመጣ አይደለም። የኦሮሞ ሕዝብ ዋሽንትን በቋንቋው ኡሉሌ ይለዋል፤ ከብት ጠባቂውም በመስክ ይነፋዋል። ደግሞ በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ብርቱ ድርቅ ምክንያት ከወሎ ተነሥተው በአንገር ሸለቆ የሠፈሩ ሰዎች አሉ። ከላይ ከተጠሩት ቅኝቶች ሁለቱ፥ ማለት ባቲና አምባሰል፥ የወሎ አገር ስሞች ናቸው። እንደዚህ ያለው ስደተኛ ከብቱንና ቤቱን ትቶ ሲመጣ ዜማውን ግን አይተውም፤ በአገሩ የለመደውን ዜማ ለመንፋትም በሠፈረበት አገር የበቀለውን ሸምበቆ ይቈርጣል። ስለዚህ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ኡሉሌና ዋሽንት ሁለት ስም ይዘው በአንድ ዓይነት ትንፋሽ ይሰማሉ።

እምቢልታ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ከዋሽንት ይረዝማል፤ የጣት ቀዳዳም የለውም። ስለዚህ ከአንድ እምቢልታ የሚገኘው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ቢነፋውም ዜማ ሊያወጣበት አይችልም። በልማዱ ሦስት ሰዎች ርዝመታቸው የተለያየ ሦስት እምቢልታ ይይዛሉ። አንዱ ድምፁን ሰጥቶ ዝም ሲል ሁለተኛው ይቀበለዋል፤ ሁለተኛው ሲያቆም ሦስተኛው ይመልሳል። በሩቅ ሆኖ ለሚሰማው ሰው ዜማው ከአንድ አፍ የወጣ ይመስላል፤ ቀርቦ ያየው ግን ከሦስቱ አንዱም ቢሆን ዜማውን በሙሉ እንዳልያዘ ይረዳል።

በነገሥታትና በመኳንንት ዘመን እምቢልታ ከነጋሪትና ከመለከት ጋራ የክብር ምልክት ነበረ። መለከት ማለት ረጅም ሸምበቆ ሆኖ በጫፉ የቅል አፍ የተገጠመለት፥ በቁርበትም የተለበደ መሣሪያ ነው። ይህ ተለዋውጦ የመንፋት ጥበብ በቤተ መንግሥት ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ከወለጋ በስተ ምዕራብ በቤኒሻንጉል የሚኖሩት የበርታ ሰዎች ዋዛ የሚባል ከቅል የተሠራ ረጅም መለከት አላቸው፤ ብዙ ሆነው ተሰልፈው እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ እየሰጠ ዜማውን ይፈጽሙታል። በደቡብም የዲራሼ ሕዝብ ፊላ የሚባለውን የሸምበቆ መሣሪያ በዚሁ ዓይነት በማኅበር ይነፋል። ከዚህ የተነሣ በመፈራረቅ መንፋት በብዙ የኢትዮጵያ ሕዝቦች ዘንድ የታወቀ ጥበብ መሆኑ ይታያል።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ክቡር መሣሪያ ስለ ምን ደከመ? ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. ከሆነው ከዐድዋ ድል በኋላ የመስኮብ ንጉሠ ነገሥት ኒቆላዎስ 2ኛ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የናስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ላኩ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ ወላጆቻቸው ያለቁባቸውን 40 የአርመን ልጆች አግኝተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። እነዚህ አርባ ልጆች የተባሉት በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የናስ ሙዚቃ ይጫወቱ ነበር፤ በዘውዱ ዘመን የነበረውን የኢትዮጵያን የሕዝብ መዝሙር ዜማ የደረሰውም ይኸው ናልባንዲያን ነው። በ1923 ዓ.ም. በተደረገው የዘውድ በዓልም የናሱ ሙዚቃ ተሰማ። ማንም እምቢልታን አልከለከለም፤ ነገር ግን የክብር ስፍራው ቀስ በቀስ ወደ ናሱ መሣሪያ ዞረ። በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲቀር እምቢልታ ነፊ የቆመበት ሥርዓት ደግሞ አብሮ ቀረ።

በዚህ መካከል መሣሪያዎቹን ለማንሣት የደከሙ ሰዎች ነበሩ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ባህላዊውን ጨዋታ በመድረክ አቀረበ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ሊቅ ሐሊም ኤል ዳብ፥ ያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው ትምህርት ቤት ያስተምር በነበረ ጊዜ፥ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለውን ማኅበር አቋቋመ። ቀድሞ በየስፍራቸው ተለያይተው ይሰሙ የነበሩት መሰንቆ፥ ክራር፥ በገና፥ ዋሽንት፥ እምቢልታ፥ መለከትና ከበሮ በዚያ በአንድ መድረክ ተገናኙ። ዮሐንስ አፈወርቅ ዋሽንት ይነፋ ነበር፤ ተስፋዬ ለማም ከጊዜ በኋላ የማኅበሩ መሪ ሆነ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. ማኅበሩ በዓባይ ወንዝ ስም ተጠርቶ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ተሰማ። የቅዱስ ያሬድን ስም የያዘው የሙዚቃ ትምህርት ቤትም በአዲስ አበባ ለባህላዊ መሣሪያዎች የትምህርት ስፍራ ሆነ።

በደርግ ዘመንም በየቀበሌውና በየወረዳው የኪነት ቡድን ተቋቁሞ ነበር። የሚዘፈነው ቃል የዘመኑን ፖለቲካ የተከተለ ቢሆንም ቅሉ፥ በዚያ ምክንያት ብዙ የገጠር ወጣት ዋሽንትና መሰንቆ ይዞ በሕዝብ ፊት ቆመ። ኋላ ግን ኪቦርድ የሚባለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ መጣ። ይህ መሣሪያ በአንድ ሰው እጅ የከበሮውንም፥ የዋሽንቱንም፥ የመሰንቆውንም ድምፅ እየመሰለ ያወጣል። ሠርግ የሚደግስ ሰው ለአምስት ሰው ከመክፈል ለአንድ ሰው መክፈልን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ሆኖም የዋሽንት ድምፅ በኤሌክትሪክ መሣሪያ መገኘቱ ዋሽንት የሚነፋውን ሰው ከሥራ አስወጣው፤ ሥራ ያጣ ነፊም ልጁን አያስተምርም።

የማስተማር ሰንሰለት ሲቈረጥ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ወደ ኤውሮፓ መመልከት ይጠቅማል፤ በዚያ የደረሰው ነገር ለኢትዮጵያ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላልና። በእንግሊዝና በጀርመን አገር ሪኮርደር የሚባል፥ ከእንጨት የተሠራ፥ ዋሽንት የሚመስል መሣሪያ በቀድሞ ዘመን እጅግ የተወደደ ነበር። ከ18ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ በኋላ ግን ድምፁ የሚበረታው አግድም የሚነፋ ፍሉት ስፍራውን ወሰደበትና ተረሳ። ከመቶ ዓመት በላይም ዝም አለ። እንጨቱ በባለጸጎች ቤትና በሙዚየም ተቀምጦ ነበር፤ እንዴት እንደሚነፋ ከአስተማሪው የተማረ ሰው ግን አልቆየም።

ይህን ዝምታ ለመስበር ከደከሙት አንዱ የገጠር አጥቢያ ቄስ ነበር። ስሙ ፍራንሲስ ጋልፒን ይባላል፤ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1858 ዓ.ም. ተወልዶ በ1945 ዓ.ም. ዐረፈ። በኤሴክስ አውራጃ በምትገኝ መንደር እያገለገለ፥ ሰው የጣለውን የቀድሞ የሙዚቃ መሣሪያ ይሰበስብ፥ ያድስና ይነፋ ነበር። በ1910 ዓ.ም. ስለ እንግሊዝ የቀድሞ የሙዚቃ መሣሪያዎች መጽሐፍ አሳተመ። በ1917 ዓ.ም. ከ500 የሚበልጡ መሣሪያዎቹ በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ወዳለው ሙዚየም ገቡ። ከሞተም በኋላ በ1946 ዓ.ም. በስሙ የሚጠራ የጥናት ማኅበር ተመሠረተ። ይህ ሰው ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎቱ ሳይለይ ይህን ሁሉ መፈጸሙ ለየአጥቢያው ካህን መልካም ምሳሌ ነው።

ሁለተኛው ሰው አርኖልድ ዶልሜች ነው፤ እርሱም በዚያው በ1858 ዓ.ም. የተወለደ ነው። ይህ ሰው ብሬሳን የተባለ የቀድሞ ሠሪ የሠራውን ሪኮርደር በ1905 ዓ.ም. ገዝቶ መንፋት ተማረ። በ1919 ዓ.ም. ግን በሎንዶን በዋተርሉ የምድር ባቡር ጣቢያ ሪኮርደሩ ያለበት ከረጢት ጠፋ፤ ከረጢቱን ረስቶ የተወው ትንሽ ልጁ ካርል ነበር። ዶልሜች እጅግ ቢያዝንም የመሣሪያውን ልክ ጽፎ ይዞ ስለ ነበር ያንኑ የመሰለ ሌላ ሠራ። ከዚያ በኋላ በሠፈረበት በሄዝልሚር ከተማ ከ1925 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ የቀድሞ ሙዚቃ በዓል ይደረግ ጀመር። ከረጢቱን የረሳው ካርል አድጎ በ1937 ዓ.ም. ከኤድጋር ሀንት ጋራ ሆኖ የሪኮርደር ነፊዎችን ማኅበር አቋቋመ። የዚህም ማኅበር አባሎች ሙዚቃ መተዳደሪያቸው የሆነ ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ ከሥራቸው ሲመለሱ የሚሰበሰቡ ተራ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በዓለም ላይ በብዙ አገር ሕፃናት ሙዚቃ የሚጀምሩት በዚህ መሣሪያ ነው።

ሆኖም የተቈረጠ ሰንሰለት ሲቀጠል ስሕተት አይታጣም። ጀርመናዊው ፔተር ሀርላን ሪኮርደርን በአገሩ ለማስፋፋት ብዙ የደከመ ሰው ነው። ነገር ግን የቀድሞውን የጣት አያያዝ በሚገባ ሳይረዳ ቀዳዳዎቹን ለወጠ። በዚህም ለውጥ አንዱ ድምፅ ለጀማሪ ቀለለ፤ ሌሎቹ ድምፆች ግን ተዛቡ። የጀርመን አያያዝ የተባለው ይህ ስሕተት በብዙ ሺህ መሣሪያ ላይ ተበስቶ በየትምህርት ቤቱ ስለ ተሠራጨ እስከ ዛሬ ድረስ ይሸጣል። አንድ ሽማግሌ በሕይወት ኖሮ ጣትህን እንዲህ አድርግ ቢለው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነም ነበር።

የእንግሊዝ አገር የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ታሪክም ከዚህ ጋራ የተያያዘ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመትና በ19ኛው መጀመሪያ በየመንደሩ ገበሬው፥ ጫማ ሠሪውና አናጢው ክላሪኔት፥ ባሱንና ፍሉት ይዘው በቤተ ክርስቲያኑ ምዕራብ ሰገነት ላይ ተቀምጠው መዝሙሩን ያጅቡ ነበር። ከጊዜ በኋላ አንድ ሰው ብቻውን የሚመታው ኦርጋንና ሀርሞኒየም ገባና እነዚህ ሰዎች ተሰናበቱ። የተሰናበቱትም ሰዎች ሞቱ፤ በእጅ የጻፉት የዜማ ደብተራቸው ግን በየሣጥኑ ቀረ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. ይህን ዜማ ከደብተር አውጥቶ እንደገና የሚያሰማ ማኅበር ተቋቋመ። የልጅ ልጆቻቸው ልጆች ከመቶ ዓመት በላይ ቈይተው የፈለጉትን ነገር ቅድመ አያቶቻቸው በአንድ ቀን ውሳኔ አሰናብተውት ነበር።

በኢትዮጵያ ግን የእንግሊዝ አገር ሰዎች ያልነበራቸው ነገር ገና አለ፤ አስተማሪው ገና አልሞተም። ዋሽንት የሚነፋ ሽማግሌ፥ ሸምበቆውን በጣቱ ለክቶ የሚበሳ ሠሪ ዛሬም ይገኛል። ነገር ግን ጊዜው ረጅም አይደለም። ወለጋ ቃልን ከመጥፋት የማዳን ታሪክ አለው፤ አስቴር ጋኖ የተባለችው ሴት በልጅነትዋ በቃል የሰማችውን ወደ 500 የሚሆን የኦሮሞ ተረት፥ ምሳሌና ዘፈን አስታውሳ ጻፈች፤ ከዚያም አንዳንዱ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም. ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋራ ባዘጋጁት የንባብ መጽሐፍ ታተመ። ሁለቱም በ1904 ዓ.ም. ወደ ነቀምቴ መጥተው ሲያስተምሩ ኖሩ። እንግዲህ ቃል በመጽሐፍ ሊድን ይችላል። ትንፋሽ ግን በመጽሐፍ ብቻ አይድንም፤ ከንፈር እንዴት እንደሚጠጋ፥ ደረት እንዴት እንደሚያርፍ ከሚያሳየው ሰው ፊት መቀመጥን ይጠይቃል።

በዚህ ላይ የዚህ አገር ሐዘን ተጨምሯል። በቅርብ ዓመታት በምሥራቅ ወለጋ በደረሰው ግጭት ጊዳ አያናን ጨምሮ በብዙ ወረዳ ሰው ሞተ፤ ብዙ ቤተ ሰብም ከቤቱ ተፈናቀለ። ሰው ሲፈናቀል ሽማግሌው ወደ አንድ አገር፥ ልጁም ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፤ በመካከላቸው የነበረው ትምህርትም ይቋረጣል። ከዚህም በላይ ጎረቤት የጎረቤቱን ድምፅ መስማት ይፈራል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሦስቱን እምቢልታ ነፊዎች ማሰብ ይገባል። ከእነርሱ አንዱ በጓደኛው ቢቈጣና ቢሄድ የቀሩት ሁለቱ ቢበረቱም ዜማው ጎዶሎ ነው። አንዱም ያለ ተራው ቢነፋ ዜማው ይፈርሳል። ስለዚህ እምቢልታ ነፊ ከመንፋት አስቀድሞ ዝም ብሎ ጓደኛውን መጠበቅ ይማራል። ኡሉሌ የሚለውንና ዋሽንት የሚለውን ልጅ ይህን ትምህርት አብሮ ማስተማር ለዚህ ሸለቆ ከዜማ የሚበልጥ ጥቅም አለው።

ምናልባት ከአባቶች አንዱ፥ ይህ የዘፈን መሣሪያ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ምን ያደርጋል? ይል ይሆናል። ጥያቄው የሚገባ ነው። የማኅሌት ሥርዓት ከቅዱስ ያሬድ ጀምሮ ከበሮ፥ ጸናጽልና መቋሚያ አለው፤ ያንን ሥርዓት ይለውጥ ዘንድ ማንም አይመክርም። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝሙር ግን ዋሽንት፥ ክራር፥ መሰንቆና በገና መሰማት ከጀመሩ ቈይተዋል። ደግሞ መጻሕፍትን መመልከት ይገባል። በትንቢተ ዳንኤል በ3ኛው ምዕራፍ መለከት፥ እምቢልታ፥ መሰንቆና ሌሎችም መሣሪያዎች ናቡከደነፆር ላቆመው ምስል ሰው እንዲሰግድ ምልክት ሆነው ተጠርተዋል። በመዝሙረ ዳዊት በ150ኛው ደግሞ መለከትና እምቢልታ ከበገናና ከከበሮ ጋራ ለእግዚአብሔር ምስጋና ተጠርተዋል። ሸምበቆው ለሁለቱም ያው ነው፤ ልዩነቱ ያለው በሚነፋው ሰው ልብ ነው።

ሌላም መታረም የሚገባው ነገር አለ። በቀድሞው ልማድ መሣሪያ የሚመታውም መሣሪያ የሚሠራውም ሰው በብዙ ስፍራ ይናቅ ነበር፤ አዝማሪ የሚለው ስም እንደ ስድብ ይነገር ነበር። ዳዊት እረኛ ሳለ በገና መደርደሩን የሚሰብክ ሰው በመንደሩ ያለውን ዋሽንት ነፊ እረኛ ሊንቅ አይገባውም። ብዙ ሽማግሌ ዋሽንቱን ከልጆቹ የሚሰውረው ልጆቹ እንዳይናቁ ብሎ ነው። ካህኑ በሕዝብ ፊት ቢያከብረው፥ ወንበር ቢሰጠው፥ በስሙ ጠርቶ ቢያመሰግነው፥ ያ የተሰወረ ዋሽንት በማግሥቱ ይወጣል።

እንግዲህ አንድ አጥቢያ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ከባድ አይደለም፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። በመጀመሪያ፥ በየመንደሩ ያሉትን ነፊዎችና ሠሪዎች ቈጥሮ ማወቅ ነው፤ ዕድሜው የገፋውን አስቀድሞ መጎብኘትም ይገባል። ሁለተኛ፥ ያሉትን መሣሪያዎች ርዝመትና የቀዳዳ ርቀት በሚገባ ለክቶ መጻፍ ነው፤ ዶልሜች ከረጢቱ በጠፋ ጊዜ የረዳው ይህ ነበርና። ሦስተኛ፥ የሽማግሌውን ነፋ፥ የከንፈሩንና የጣቱን አያያዝ ጭምር፥ በእጅ ስልክ ድምፅና ሥዕል መቅዳት ነው፤ ይህ መሣሪያ ዛሬ በብዙ ወጣት ኪስ ውስጥ አለ። አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው፥ ከሰንበት ትምህርት ቤት በኋላ በሳምንት አንድ ሰዓት ወጣቶችን ከሽማግሌው ፊት ማስቀመጥ ነው።

የሚሰበሰቡት ወጣቶች ሊቃውንት መሆን አያስፈልጋቸውም። በመጀመሪያው ወር ከዋሽንቱ ነፋስ እንጂ ድምፅ ላይወጣ ይችላል፤ ጎረቤትም ይሥቅ ይሆናል። ሪኮርደርን ከመቶ ዓመት ዝምታ ያስነሡትም ብዙዎቹ እንዲህ የተሣቀባቸው ሰዎች ነበሩ። መሣሪያውም ከውጭ አገር የሚገዛ አይደለም፤ በወንዝ ዳር ያለ ሸምበቆና የጋለ ብረት ይበቃል። ልጁ የራሱን ዋሽንት ራሱ ቢበሳ፥ ቢሰነጠቅበትም ሌላ ቢቈርጥ፥ ከሚገዛው ይልቅ ይወደዋል። ለእምቢልታ ግን ሦስት ልጆች ያስፈልጋሉ። ከሦስቱም ቤት አንዱ ከዚህ፥ አንዱ ከዚያ፥ አንዱም ከወንዙ ማዶ ቢሆን መልካም ነው።

በቀድሞው ኢዮቤልዩ ቀንዱ ሲነፋ ሁሉ ወደ ርስቱ ይመለስ ነበር። የዚህ አጥቢያ ልጆችም ወደ ርስታቸው እንዲመለሱ፥ የተፈናቀሉትም በሰላም ወደ ቤታቸው እንዲገቡ፥ ሽማግሌዎቹም የያዙትን ጥበብ ሳይሰውሩ እንዲያስተምሩ እግዚአብሔር ይርዳ። በሚመጣው የጥምቀት በዓል ታቦቱ ከወንዝ ሲመለስ ከሕዝቡ መካከል ሦስት ወጣቶች እምቢልታ ይዘው ተራቸውን ሲጠባበቁ ቢታዩ የዚህ ቃል ዋጋ ተከፈለ ማለት ነው።

ለዚህ ቤተ ክርስቲያን፥ ለአገልጋዮችዋና ለሕዝብዋ ሁሉ እግዚአብሔር ሰላምንና ረጅም ዘመንን ይስጥ። አሜን።